ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሞባይል ሆም ልትገዙ ነው? መጀመሪያ መሬቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ

ኬንት፣ ሬንተን፣ ተክዊላ፣ ፌደራል ዌይ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ቤት ፍለጋ ስንወጣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ ዓይናችን ያርፋል። ሦስት መኝታ፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ በረንዳ፣ የሁለት መኪና ማቆሚያ። ዋጋው 150 ሺህ ዶላር። በኪንግ ካውንቲ የአንድ ተራ ቤት መካከለኛ ዋጋ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ሆኖ ሳለ ይህን ያየ ሰው ስልኩን አንስቶ መደወሉ አይቀርም። ዝቅ ብሎ ሲያነብ ግን አንዲት መስመር አለች፦ የቦታ ኪራይ በወር 1,000 ዶላር።

ብዙ ሰው ያቺን መስመር ዘሏት ይሄዳል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት እሷን አንብቡ እላለሁ። ሞባይል ሆም፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ቦታው ላይ የሚተከል ቤት፣ ሲገዛ ቤቱ ቀላሉ ነገር ነው። ኩሽናውን ታያላችሁ፣ ጣሪያውን ታስፈትሻላችሁ፣ ከወደዳችሁት ትገዙታላችሁ። ከባዱ ጥያቄ ቤቱ የቆመበት መሬት የማን ነው የሚለው ነው። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው አማራጮች ዋና ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ወረቀታችሁ ላይ የምታገኙት እሱን ስለሆነ።

ስሙን እንለይ

ሰው ሁሉ ሞባይል ሆም ይላል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ሕጉ ግን ይለየዋል። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለእነዚህ የፋብሪካ ቤቶች ያወጣው የግንባታ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው ጁን 15 ቀን 1976 ነው። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራው ሞባይል ሆም ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ማኑፋክቸርድ ሆም ይባላል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ከ1976 በፊት የእሳት መከላከያው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የግድግዳው ሙቀት መያዣ አስገዳጅ የሆነ አገር አቀፍ ደረጃ አልነበረውም። አብዛኛው አበዳሪም ለእንደዚህ ያለ ቤት ገንዘብ አይሰጥም። እናንተ በጥሬ ገንዘብ ብትገዙት እንኳ ነገ ከእናንተ የሚገዛው ሰው ብድር ለማግኘት ይቸገራል።

ማረጋገጫው እዚያው ቤቱ ላይ ነው። ውጭ ግድግዳው ላይ ቀይ የብረት ምልክት ተለጥፏል። ቤቱ ሁለት ክፋይ ከሆነ፣ ማለትም ደብል ዋይድ ከሆነ፣ በሁለቱም ላይ ይኖራል። ውስጥ ደግሞ ዳታ ፕሌት የሚባል ወረቀት አለ። የኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የመኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም የኤሌክትሪክ ሳጥኑ አጠገብ ፈልጉት። የተሠራበትን ቀን፣ ፋብሪካውን፣ ቤቱ ለምን ያህል ብርድ፣ ንፋስና የጣሪያ በረዶ እንደተሠራ ይናገራል። ዋሽንግተን በፌደራሉ ደንብ ብርዳማ ከሚባሉት ክልሎች ውስጥ ነች። ከሞቃት ክልል የመጣ ቤት ከሆነ ክረምት ላይ የመብራት ሒሳቡ ይነግራችኋል።

ሞዱላር የሚባለው ሌላ ነው። እሱም ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ የሚተዳደረው ግን በፌደራሉ ሳይሆን በግዛቱ የግንባታ ደንብ ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አንደኛው አማራጭ፦ ቤቱ የእናንተ፣ መሬቱ የሌላ ሰው

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ፓርክ፣ ማለትም ብዙ ሞባይል ሆሞች የተተከሉበት ሰፊ ግቢ፣ ውስጥ ያለ ቤት ትገዛላችሁ፣ ለቦታው በየወሩ ኪራይ ትከፍላላችሁ። የቤት ባለቤትም ተከራይም ናችሁ። ቧንቧ ቢፈነዳ ጠጋኙ እናንተ ናችሁ፣ ኪራይ የሚጨምረው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

"ሞባይል" የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ካልተመቸኝ ቤቴን ይዤ እሄዳለሁ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይሆንም። ደብል ዋይድ ቤት ነቅሎ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ ጭኖ፣ ሌላ ቦታ መትከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። ያረጀ ቤት ከሆነ መንገዱን አይችለውም። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ በሲያትል ዙሪያ ባዶ ቦታ ያለው ፓርክ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ኪራይ ቢጨምርባችሁ ምርጫችሁ ሁለት ነው፦ መክፈል ወይም ቤቱን እዚያው ባለበት መሸጥ። ኪራዩ የጨመረ ቤት ደግሞ በጥሩ ዋጋ አይሸጥም። የሚገዛው ሰውም ያቺን መስመር ያነባል።

እስከ 2025 ድረስ ዋሽንግተን ውስጥ ለዚህ ኪራይ ጭማሪ በግዛት ደረጃ ጣሪያ አልነበረውም። አሁን አለው። ሕጉን በተወካዮች ምክር ቤት ያቀረቡት ኤሚሊ አልቫራዶ ናቸው፤ በዚያው ዓመት ወደ ሴኔት ተሻገሩ። አገረ ገዢው ቦብ ፈርጉሰን ሜይ 7 ቀን 2025 ፈረሙበት፣ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ለሞባይል ሆም ቦታ ጭማሪው በዓመት ከ5 በመቶ አይበልጥም። በኪራይ ዘመናችሁ የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ጭማሪ የለም። ለአፓርታማ ያወጡት ጣሪያ ከዚህ የላላ ነው፤ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ በ2040ም ያበቃል። የሞባይል ሆሙ ግን ማብቂያ ቀን አልተቀመጠለትም። የሕግ አውጪዎቹ ስሌት ገብቶኛል። አፓርታማ ውስጥ ያለ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ ፓርክ ውስጥ ያለ ሰው ግን ቤቱን ጥሎ ነው የሚወጣው። የፓርክ ባለቤቶች ማኅበር ሕጉን ተቃውሟል። የውኃ መስመር፣ የፍሳሽ ጥገናና የንብረት ግብር በየዓመቱ ይጨምራል የሚለው ክርክራቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ያም ሆኖ ሕጉ ለእኛ ለገዢዎች ትልቅ ለውጥ ነው።

ግን 5 በመቶ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አብረን እናስላው። ዛሬ ኪራዩ 1,000 ዶላር ነው እንበል። ባለቤቱ በየዓመቱ ሙሉውን 5 በመቶ ቢጨምር ከአሥር ዓመት በኋላ 1,629 ዶላር ይሆናል። በእነዚያ አሥር ዓመታት ለቦታ ብቻ የምትከፍሉት ወደ 151 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ቤቱን የገዛችሁበትን ያህል ሌላ ገንዘብ ማለት ነው። ከመሬቱ አንዲት ጋት የእናንተ አትሆንም። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሳትሠሩ አትፈርሙ። ቤት ተሽጦ የኪራይ ውሉ ወደ አዲስ ገዢ ሲተላለፍ የሚሠራ ለየት ያለ ደንብም ስላለ፣ ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ኪራይ ለእናንተም ያው መሆኑን ከማኔጀሩ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሁለተኛው ስጋት መዘጋት ነው። ሲታክ ውስጥ፣ አብዛኞቻችን ሥራ የምንገባበት አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ዘ ፈርስ የሚባል ፓርክ ነበር። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ልጆች የሚያሳድጉ የላቲኖ ቤተሰቦች ነበሩ። ፓርኩ ሊዘጋ መሆኑ በ2016 ሲነገራቸው ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄዱ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ፍርድ ቤት ቆሙ። ለዓመታት ታገሉ። ያንን የሰማ ሰው ፓርክ ውስጥ ቤት ሲገዛ ሁለቴ ያስባል። ሲያትል ውስጥ ደግሞ በሰሜን በኩል ሃልሲዮንና ቤላ ቢ የሚባሉ ሁለት ፓርኮች ለአልሚ ሊሸጡ ነው ሲባል የከተማው ምክር ቤት በ2019 መጀመሪያ ላይ እገዳ አወጣ።

በ2023 በሴናተር ኖኤል ፍሬም የቀረበ ሌላ ሕግ ወጣ። አሁን ፓርክ የሚዘጋ ባለቤት የሁለት ዓመት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ለነዋሪው የተወሰነ ካሳ ከከፈለ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ፓርኩን ሊሸጥ ሲያስብም ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ለመግዛት እንዲወዳደሩ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። ልብ በሉ፣ ይህ የመወዳደር ዕድል ነው እንጂ ከማንም ቀድሞ የመግዛት መብት አይደለም።

ፓርክ ውስጥ ያላችሁ መብት ግን ከዚህም ይሰፋል። ኪራዩ በጽሑፍ ውል መሆን አለበት፣ የአንድ ዓመት ውል ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ባለቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ሊያስወጣችሁ አይችልም። ቤታችሁን እዚያው ባለበት ለሌላ ሰው የመሸጥ መብት አላችሁ። ክርክር ከተነሳ ደግሞ በግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሥር ለዚሁ ለፓርክ ጉዳይ ብቻ የተቋቋመ የአቤቱታ ክፍል አለ። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አያውቁም።

ለእናትና ለአባት የ55 ዓመት ፓርክ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ቤተሰብ ስለሚሸወድበት ነው። ፓርኮች ውስጥ ርካሽና ጸጥ ያሉት ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተለዩ ናቸው። ለእማማ ጥሩ ነው ብሎ ልጅ ይገዛል። ከዚያ እማማ የልጅ ልጆቻቸውን ማሳደግ ይፈልጋሉ። ልጆቹ ቀን መጥተው መዋል ይችሉ ይሆናል፣ መኖር ግን አይፈቀድላቸውም። ከአዲስ አበባ የመጣች እህት ስድስት ወር ልትቀመጥ ብትፈልግም ደንቡ ይከለክላል። የእኛ ቤት እንግዳ አያጣውም። የፓርኩን ደንብ አስቀድማችሁ ተቀበሉና የእንግዳውን ክፍል ቃል በቃል አንብቡት። የጭነት መኪና የምትነዱ ከሆነ ደግሞ የመኪና ማቆሚያውን ክፍል እንዲሁ።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የገዙት ፓርክ

ይህን አማራጭ ለሐበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። እድር እናውቃለንና።

ነገሩ የተጀመረው ኒው ሃምሻየር ውስጥ ነው። በ1984 ሜሬዲት በምትባል ከተማ በአንድ ትንሽ ፓርክ የሚኖሩ 13 ቤተሰቦች ቦታው ሊሸጥ ሲል ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ተበድረው፣ ራሳቸው ገዙት። ከዚያ ተስፋፋ። በ2008 ይህን በአገር ደረጃ የሚያግዝ ሮክ ዩ ኤስ ኤ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ዛሬ በዚህ መንገድ የተያዙት ፓርኮች ከ300 በላይ ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ሥራውን የሚያግዘው ኦሎምፒያ ላይ ያለው የኖርዝዌስት የኅብረት ሥራ ልማት ማዕከል ነው። የግዛቱ የቤት ፋይናንስ ኮሚሽንም በገንዘቡ በኩል ይገባበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤታችሁ የግላችሁ ነው። መሬቱ የማኅበሩ ነው፣ እናንተም አባል ናችሁ። አባልነቱን በትንሽ ገንዘብ ትገዛላችሁ፣ ስትወጡ ይመለስላችኋል። በየወሩ የምትከፍሉት የቦታ ክፍያ የመሬቱን ዕዳ፣ የውኃና የመንገድ ጥገናውን፣ ግብሩን ይሸፍናል። ክፍያው ይጨመር አይጨመር የሚወስነው የአባላት ስብሰባ ነው። ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ። ትርፍ የሚወስድ ሦስተኛ ሰው የለም፣ ፓርኩን ሸጦ የሚያስወጣችሁም የለም።

ጉድለቱን አልደብቅም። አዲስ የተገዛ ፓርክ ዕዳው ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያው አይረክስም፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። የፓርኩ የውኃ ቱቦ የ1960ዎቹ ከሆነ ሲበላሽ የሚያሠራው ማኅበሩ ነው፣ ማኅበሩ ደግሞ እናንተ ናችሁ። ስብሰባ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ሒሳብ መርማሪ አለ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ስብሰባ መግባት ይከብደዋል። ግን ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ መምረጥ፣ ደንብ ማርቀቅ፣ የሰነፈውን አባል ማስጠንቀቅ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ቤተ ክርስቲያን ያቋቋምነው፣ መስጊድ የገዛነው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ በበኩሌ ፓርክ ውስጥ መግዛት ግድ ከሆነ እንደዚህ ያለውን ቀድሜ እፈልጋለሁ። ከግል ፓርክ በወር መቶ ዶላር ቢበልጥ እንኳ።

ሊገዙ ከሆነ ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ፣ ያለፈውን ዓመት የሒሳብ ሪፖርት፣ ለጥገና የተቀመጠውን የመጠባበቂያ ገንዘብ መጠን። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው አማራጭ፦ መሬቱም ቤቱም የእናንተ

አቅም ካላችሁ ይህን ምረጡ። ምክሬ አጭር ነው፣ ምክንያቱ ግን ረጅም ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ከተሞች አዲስ ማኑፋክቸርድ ሆምን ከተራ ቤት ለይተው ከመኖሪያ ሰፈር ማገድ አይችሉም። ቋሚ መሠረት ይሁንለት፣ ከሥሩ ዙሪያውን ይዘጋ፣ የጣሪያው ቁልቁለት እንዲህ ይሁን ማለት ይችላሉ። ይህም ለቤቱ ይጠቅመዋል። አዲስ ቤት ማለት ግን አዲስ ነው፤ አሮጌ ቤት ከፓርክ ነቅላችሁ ከተማ ውስጥ መትከል ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የፈቃድ ቢሮው ሄዳችሁ ጠይቁ።

የወረቀቱን ነገር በደንብ ያዙ። ሞባይል ሆም ሲወለድ እንደ መኪና ነው። ታይትል የሚባል የባለቤትነት ወረቀት አለው፣ ታይትሉን የሚሰጠውም የመኪናውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ቤቱን የራሳችሁ መሬት ላይ በቋሚነት ስትተክሉት ታይትሉን ማሰረዝ ትችላላችሁ። እዚህ ታይትል ኤሊሚኔሽን ይሉታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤትና መሬቱ አንድ ንብረት ሆነው በካውንቲው መዝገብ ይሰፍራሉ። ይህን ወረቀት ሳይጨርስ የቀረ ሰው መሬት እያለው ርካሹን ብድር ያጣል።

የብድሩ ልዩነት ቀላል አይደለም። ፓርክ ውስጥ ያለ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ቻተል ሎን በሚባል፣ ከቤት ብድር ይልቅ የመኪና ብድር በሚመስል ገንዘብ ነው። ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ ዘመኑም አጭር ነው። በምሳሌ እንየው። 120 ሺህ ዶላር በ20 ዓመት ተበደራችሁ እንበል። በ9 በመቶ ወለድ በወር 1,080 ዶላር ትከፍላላችሁ። በ6.5 በመቶ ከሆነ 895 ዶላር። በወር 185 ዶላር ይለያያል። በ20 ዓመት ከ44 ሺህ ዶላር በላይ ነው። መሬቱ የእናንተ ሲሆን በተለመደው የቤት ብድር፣ በሞርጌጅ፣ ልትገቡ ትችላላችሁ። ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የሚባሉት ሁለቱ ትላልቅ የሞርጌጅ ድርጅቶች ከ2018 አካባቢ ጀምሮ ጣሪያቸው፣ በረንዳቸውና መሠረታቸው ተራ ቤት ለሚመስሉ ማኑፋክቸርድ ቤቶች ለየት ያለ ፕሮግራም አላቸው። ስማቸው ኤምኤች አድቫንቴጅና ቾይስሆም ነው። ሻጩ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

ወጪው ግን ከቤቱ ዋጋ ጋር አያልቅም። በ2023 በመላ አሜሪካ የአንድ አዲስ ማኑፋክቸርድ ቤት አማካይ ዋጋ 124 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፣ ያለ መሬት። በዚያ ላይ መሬቱን ማስተካከል፣ መሠረት፣ መብራት ማስገባት፣ ከከተማ ውጭ ከሆነ የውኃ ጉድጓድና ሴፕቲክ የሚባለው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አለ። ርካሽ መሬት አገኘሁ ብሎ ሉዊስ ካውንቲ ሄዶ የገዛ ሰው መሬቱ ሴፕቲክ የማይቀበል ሆኖ ቢያገኘው ገንዘቡ ታሰረ ማለት ነው። መሬት ከመግዛታችሁ በፊት ካውንቲው አፈሩን ፈትሾ ለሴፕቲክ ይሆናል ማለቱን አረጋግጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረሳል።

ቀድሞ ቤት ላላችሁ ሰዎች ደግሞ ሌላ በር አለ። በ2023 የወጣ የዋሽንግተን ሕግ ከተሞች በአንድ የመኖሪያ ቦታ ላይ ሁለት ተጨማሪ ትናንሽ ቤቶች እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። ጓሮው የሚበቃው ሰው ለእናቱ ትንሽ የፋብሪካ ቤት ሊተክልላት ይችላል። እናት ከልጆቿ በአሥር እርምጃ ርቀት፣ ግን በራሷ በርና በራሷ ምጣድ። የ55 ዓመቱን ፓርክ ከማሰባችሁ በፊት ይህን አስቡ። ማኑፋክቸርድ ሆም ለዚህ ይፈቀድ እንደሆነ ከየከተማው ጠይቁ፣ ዝርዝሩ ይለያያልና።

ሞዱላርና ኮንዶ

ሞዱላር ቤት በግዛቱ ደንብ ስለሚሠራ ከተተከለ በኋላ በብድርም በግምትም ተራ ቤት ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሳለ የሚመረምረው የግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው። ዋጋው ከማኑፋክቸርድ ይበልጣል፣ መሬትም ግድ ይፈልጋል። መሬት ካላችሁና በጀታችሁ ከቻለ ጥሩ ነው። ካልቻለ በእሱ አትጨነቁ።

ኮንዶ ከፓርክ ጋር ብዙ ጊዜ ይነጻጸራል፣ በወር ክፍያው ምክንያት። ኮንዶ ውስጥ የባለቤቶች ማኅበሩ ክፍያ ገደብ የለውም፤ የሕንፃው ጣሪያ ወይም ሊፍት ሲበላሽ በአንዴ ብዙ ሺህ ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። ግን የመሬቱ ድርሻ የእናንተ ነው፣ ብድሩም እውነተኛ ሞርጌጅ ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ካለና ቅድሚያ ክፍያው ከደረሰ፣ ከግል ፓርክ ይልቅ ኮንዶ ይሻላል ባይ ነኝ። ከነዋሪዎች ማኅበር ፓርክ ጋር ሲወዳደር ግን እርግጠኛ ሆኜ አልመርጥም። ግቢ መፈለግ አለመፈለጋችሁ ይወስነዋል።

ሻጩ ጋር ስትቀመጡ

ዋሽንግተን ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ ከኦሪገንና ከአይዳሆ ፋብሪካዎች ተጭነው ይመጣሉ። በኦሪገን ኦልባኒ ያለው ጎልደን ዌስት እና ሄርሚስተን ያለው ማርሌት ሁለቱም ክሌይተን የሚባል ኩባንያ ናቸው። ክሌይተንን ጂም ክሌይተን የሚባሉ የቴኔሲ ሰው በ1956 መሠረቱት። በ2003 ባለሀብቱ ዋረን ባፌት በኩባንያቸው በኩል በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። ይህን የማነሳው ለታሪክ አይደለም። ይኸው ኩባንያ ቤቱን ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ቫንደርቢልትና ትወንቲ ፈርስት በሚባሉ ድርጅቶቹ በኩልም ያበድራል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ሲያልቅ ይመቻል። ግን የመጀመሪያውን የብድር ወረቀት ይዛችሁ ውጡና ቢያንስ ከአንድ ክሬዲት ዩኒየን (የቁጠባና ብድር ማኅበር) እና ከአንድ ሌላ አበዳሪ ዋጋ አስጠይቁ። እዚያው ማለቅ አለበት ካሏችሁ፣ እሱ ራሱ መልስ ነው።

እቁብ ደርሷችሁ ቅድሚያ ክፍያ ልታደርጉት ከሆነ ገንዘቡን ከወራት በፊት ባንክ አስገቡት። አበዳሪ ትልቅ ገንዘብ ድንገት ሲገባ ካየ ከየት መጣ ይላል፣ እቁብን ደግሞ በቀላሉ አይረዳም።

ያገለገለ ቤት ከሆነ

ከቤቱ ሥር ግቡ፣ ወይም የሚገባ ሰው ቅጠሩ። የዚህ አገር ዝናብና እርጥበት ቤት የሚበላው ከሥር ነው። መሬቱ ላይ ፕላስቲክ መነጠፉን፣ ከወለሉ ሥር ያለው መሸፈኛ አለመቀደዱን፣ ቤቱን ከመሬት ጋር የሚይዙት ማሰሪያዎች መኖራቸውን ይዩ። የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ነው። ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ካያችሁ ፖሊቡቲሊን ሊሆን ይችላል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በብዙ ቤቶች ገብቷል፣ እየተሰነጠቀ ያስቸግራል። የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

የኤሌክትሪኩን ሳጥን ክፈቱ። የእንጀራ ምጣድና ማሞቂያ አንድ ላይ ሲሠሩ ፊውዝ የሚወርድበት ቤት የእኛን ኑሮ አይችልም። በኋላ የተጨመረ ክፍል፣ በረንዳ ወይም የተቀየረ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ፈቃዱን ጠይቁ። በማኑፋክቸርድ ሆም ላይ ለውጥ ሲደረግ ፈቃድ የሚሰጠው ያው የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ችግሩ ወደ አዲሱ ባለቤት ይዞራል።

ሁለት ወረቀቶች ደግሞ አሉ። ታይትሉ ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሟች አባት ስም ላይ የቀረ ታይትል ብዙ ወር ያስቆማል። የካውንቲውን ግምጃ ቤት ደውላችሁ ያልተከፈለ ግብር አለመኖሩን ጠይቁ፤ ፓርክ ውስጥ ላለ ቤትም የንብረት ግብር አለ፣ ያልተከፈለውም ከቤቱ ጋር ይሄዳል።

እኔ ብሆን

ሁለት ደመወዝ ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ እዚህ የሚቆይ ቤተሰብ ብሆን፣ መሬት ያለው ማኑፋክቸርድ ሆም ፒርስ ወይም ተርስተን ካውንቲ ድረስ ሄጄ እፈልግ ነበር። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን በየወሩ የምከፍለው ወደ ራሴ ንብረት ይገባል። ፌደራሉ የቤት ፋይናንስ ኤጀንሲ ያወጣው የዋጋ መረጃም ከመሬታቸው ጋር የተገዙ የፋብሪካ ቤቶች ዋጋ ከተራው ቤት ብዙ ሳይርቅ እንዳደገ ያሳያል።

ብቻዬን የምኖር፣ ሌሊት የምሠራ ሹፌር ብሆን፣ ዕዳ የማልፈልግና 70 ወይም 80 ሺህ ዶላር ያጠራቀምኩ ብሆን፣ ፓርክ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ያዋጣኛል። የቦታ ኪራዩ ከአፓርታማ ያነሰ ከሆነ፣ ከ1990ዎቹ በኋላ የተሠራ ቤት ከሆነ፣ ውሉ የዓመት ከሆነ።

ፓርክ ውስጥ፣ በከፍተኛ ወለድ፣ በረጅም ብድር፣ ከ1976 በፊት የተሠራ ቤት ግን ለማንም አልመክርም። ለጠላትም።

ፓርኩን ለማየት ስትሄዱ ማኔጀሩን እነዚህን ጠይቁ። ያለፉት አምስት ዓመታት ጭማሪ በየዓመቱ ስንት ነበር? ውኃ፣ ፍሳሽና ቆሻሻ በኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ባለቤቱ ማነው፣ መቼ ገዛው? ፓርኩን ለመሸጥ ወይም ለመዝጋት የወጣ ማስታወቂያ አለ? ከቢሮው ስትወጡ ደግሞ በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነዋሪ ፈልጉና ሰላም በሉ። ከማኔጀሩ ያላገኛችሁትን እሱ ይነግራችኋል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ኖርዝዌስት ጀስቲስ ፕሮጀክት በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉላቸው፣ እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚም ጠይቁ።